ስም ሲወጣ ጆሮም ይጠየቅ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ አባቶቻችን ይናገራሉ። ይህ አባባል ለልጅ ስም ይሠራ ይሆናል፤ ምክንያቱም ልጅ ሲወለድ አባትና እናት ተመካክረው፣ አያት ተጠይቃ፣ ጎረቤትም ሰምቶ «እሰየው» ካለ በኋላ ነው ስሙ የሚጸናው። ለመሥሪያ ቤት፣ ለማኅበርና ለጣቢያ የሚወጣው ስም ግን ብዙ ጊዜ መልአኩ ሳይደርስበት በጠረጴዛ ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም ከተቀረጸለት በኋላ ነው ወደ ሰው ጆሮ የሚደርሰው። ከደረሰም በኋላ ባለቤቱ ፈጽሞ ያላሰበውን ትርጉም ይዞ ይገኛል። አንዳንዱ ያስቃል፤ አንዳንዱ ያሳፍራል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድን ሕዝብ በሞላ ለብዙ ዘመን አንገት ሲያስደፋ ይኖራል። እኔም በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ያለኝን አስተያየት ለጓደኞቼ፣ ለአስተማሪዎቻችንና ለወላጆቻችን ለማቅረብ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩን ከቤታችን ልጀምረው። ከተማችን ሐራ ይባላል። ግዕዝ የተማሩ ሰዎች እንደሚያስረዱን «ሐራ» ማለት ጭፍራ፣ ሠራዊት ማለት ነው፤ በአማርኛም «ሐራ ወጣ» ሲባል ነጻ ወጣ ማለት እንደሆነ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ወደ ኦሮምኛ የተሻገርን እንደሆነ «ሃራ» ወይም «ሃሮ» ሐይቅ ነው፤ ድምፁን ሳብ አድርገው የጠሩት እንደሆነ ደግሞ «አዲስ» ይሆናል። የትኛውንም ብንወስድ የሚያሳፍር የለበትም። ይሁን እንጂ አንድ የሐራ ልጅ ራቅ ወዳለ አገር ሄዶ «አገርህ የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ሁለት ጊዜ መናገር ግዴታው ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ «ሐረር ማለትህ ነው?» ይለዋል። ቀልደኛው ደግሞ «በሐራጅ የተሸጠው አገር ነው?» ይለዋል። ጎረቤታችን መርሳም ከዚህ አልዳነችም፤ የመርሳ ልጅ ብድር ወስዶ ሳይመልስ ቢዘገይ «ምን ይደረግ፣ አገሩ ነው!» ይባላል። ጃፓኖችም ሰምተው ቢሆን ኖሮ በእኛ ይስቁ ነበር፤ በቋንቋቸው «ሐራ» ሆድ ማለት ነውና። በፊልም የምንሰማው «ሐራኪሪ» የሚባለው ሆድን በሰይፍ ቀድዶ ራስን የመግደል ነገር ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። (ሆድ መባሉ ለገበያ ከተማ ብዙም አይከፋም፤ የቅዳሜውን አልፈን ወደ ከባዱ እንሂድ።)

ከባዱ የዐረብኛው ነገር ነው። ከአካባቢያችን ብዙ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር እንደሚሄዱ የማያውቅ አንባቢ የለም። በዐረብኛ «ሓራ» ሲባል ሰፈር ማለት ስለሆነ፣ አንዲት ልጅ «አገሬ ሐራ ነው» ብትል «የትኛው ሰፈር?» ተብላ ትጠየቅ ይሆናል እንጂ የሚጎዳት ነገር የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲጻፍ ነው። አንዲት ዘመዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደዚያ ስትሄድ ወረቀቷን ያዘጋጀላት ደላላ የትውልድ ቦታዋን በዐረብኛ ሲጽፍ በመጀመሪያው ፊደል ላይ አንዲት ነጥብ ጨመረ። እንግዲህ ዐረብኛ ያልተማረ አንባቢ ይህን ይወቅልኝ፤ በዐረብኛ ሐ እና ኸ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከላይ የምትቀመጥ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። አጫጭር አናባቢዎችም አይጻፉም። ስለዚህ የከተማችን ስም ያለ ነጥብ ሲጻፍ ፊደሉ መካ አጠገብ ካለው ከታላቁ ተራራ ከሒራእ ስም ጋር አንድ ይሆናል፤ ይህም ነቢዩ መሐመድ የመጀመሪያውን ራእይ ተቀበሉበት የሚባለው፣ ሙስሊሞች ሁሉ የሚያከብሩት ስፍራ ነው። ነጥቧ የተጨመረች እንደሆነ ግን ቃሉ ዓይነ ምድር ይሆናል። የዘመዴ ወረቀት ታዲያ «የትውልድ ቦታ፦ ዓይነ ምድር» እያለ ከቢሮ ወደ ቢሮ ዞረ፤ ከቀጣሪዎቿም ቤት ገባ። የቤቱ ልጆች ወረቀቱን እያነበቡ ሲስቁ እርሷም የሚስቁበትን ሳታውቅ አብራ ትስቅ ነበር። ምክንያቱን ያወቀችው ቋንቋውን ከለመደች በኋላ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አገሯን ለሚጠይቃት ሁሉ «ወሎ» ብቻ እያለች ትመልሳለች፤ ሐራ የሚለውን ቃል እዚያ አገር እስካለች ድረስ ከአፏ አላወጣችም።

ይህን ሁሉ በደላላው ላይ ብቻ ጥለን ብንሄድ ግን ፍርዳችን ትክክል አይሆንም። እኛ ራሳችን የከተማችንን ስም አንድ ዓይነት አድርገን አንጽፍም። በሱቅ ሰሌዳ ላይ «ሀራ» ይላል፤ በመኪና ላይ «ሃራ» ይላል፤ በደብተራችን ላይ «ሐራ» ይላል፤ «ኀራ» ብሎ የሚጽፍም አይታጣም። ማንም እንደሚያውቀው በፊደላችን ውስጥ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ የሚባሉ ሦስት ፊደሎች አሉ። በጥንቱ ግዕዝ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ ግን ሦስቱንም በአንድ አፍ ይጠራቸዋል። ትግርኛ እስከ ዛሬ ድረስ ሐመሩን ሐ ከጉሮሮ አውጥቶ ይለየዋል። ዐረብኛም ሦስቱንም ይለያል፤ ብዙኃኑ ኀ በዚያ ቋንቋ ባለ ነጥቡ ፊደል ነው። እንግዲህ በአማርኛ «ኀራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ሳያውቀው ያችን መከረኛ ነጥብ ለተርጓሚው እያቀበለ ነው ማለት ነው። አስተማሪዎቻችን እነዚህን ፊደሎች «ሞክሼ» ይሏቸዋል፤ ትርፍ ናቸውና ይቀነሱ የሚለው ክርክርም የቆየ ነው። ለተራው ቃል ቢቀነሱ ባይቀነሱ አልከራከርም። በስም ላይ ሲሆን ግን ፊደል እንደ ጨው በግምት የሚበተን ነገር አይደለም።

በክፍላችን ይህ ነገር ሲነሣ አንዳንድ ጓደኞቼ «እንዲህ ካስቸገረ የከተማው ስም ይለወጥ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አንዱም «ገበያ የሚለውን ብቻ እንያዝ» አለ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። አንድ ስም በሌላ ሰው ጆሮ ክፉ ሆኖ ሲገኝ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ስሙን ማን አወጣው?» የሚለው ነው። ባለቤቱ ራሱ አውጥቶት፣ እናት አባቱ ሲጠሩበት የኖሩት ከሆነ፣ የጎረቤት ጆሮ ስለሳቀ ብቻ መጣል የለበትም፤ እንዲያ ከሆነማ በዓለም ላይ ከስንት ሺህ ቋንቋ ጋር ተስማምቶ የሚዘልቅ ስም ከወዴት ይገኛል? ነገር ግን ስሙን የጣለበት ሌላ ሰው ከሆነ፣ ባለቤቱም ሲሰማው የሚቆስል ከሆነ፣ ዕድሜው ስንት መቶ ዓመት ቢሆን እንኳ ሊኖር አይገባውም።

ለዚህ ከሁሉ የከፋው ምሳሌ በደቡብ ምዕራብ በጅማ አቅጣጫ፣ በጊቤ ወንዝ አካባቢ የሚኖረው የየም ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ራሱን «የም» ብሎ ይጠራል፤ ቋንቋውም «የምሳ» ይባላል፤ የራሱ ንጉሥና የራሱ ሥርዓት የነበረው ሕዝብ ነው። ሌሎች ግን «ጃንጀሮ» አሉት። አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቃል ሲሰማ የትኛው እንስሳ በዓይነ ኅሊናው እንደሚመጣበት መናገር አያስፈልገኝም። ስሙ አዲስ አልነበረም፤ ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ካህን አንቶንዮ ፈርናንዴዝ በ1613 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር ባለፈ ጊዜ የአገሩ ስም በጽሑፋቸው «ጊንጊሮ» ተብሎ ሠፍሯል። እንግዲህ በመጀመሪያ ላይ ቃሉ ከዝንጀሮ ጋር ጉዳይ አልነበረው ይሆናል፤ የእኛ ጆሮ ነው ወደዚያ የወሰደው። ከወሰደው በኋላ ግን ያው በመዝገብም፣ በካርታም፣ በትምህርት መጽሐፍም እንደዚያው ሆኖ ቀረ። እንግሊዛዊው ሀንቲንግፎርድ በ1955 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሁለት ሕዝቦች ራሳቸው በማይጠሩበት ስም ተጽፈዋል፤ አንደኛው ይኸው ነው። መጽሐፉ የታወቀ ስለሆነ ከየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አይጠፋም።

አንድ የየም ተማሪ በዚያ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ እናስበው። አስተማሪው የኢትዮጵያን ሕዝቦች ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይዘረዝራል። ወደዚያኛው ስም ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ልጁ ምን ብሎ ይመልሳል? «ስሜ አይደለም» ቢል መጽሐፉ ነው ይሉታል። ዛሬ «የም» የሚለው ስም በሕግም በመንግሥት መዝገብም ጸንቶ፣ አካባቢው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ በዚሁ በራሱ ስም ይጠራል። ወላይታ፣ ሐረሪ፣ ዳሰነችና ቤተ እስራኤልም እንዲሁ ሌሎች የሰጧቸውን ስም ትተው በራሳቸው ስም እንዲጠሩ ሆኗል። ከእነዚህ ውስጥ «ፈላሻ» የሚለው የግዕዝ ቃል «ፈለሰ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ተሰደደ፣ አገሩን ለቀቀ ማለት ነው፤ ቃሉን ለብቻው ብናየው ስድብ የለበትም፤ ነገር ግን በገዛ አገሩ የሚኖረውን ሰው «ስደተኛ» እያሉ መጥራት ከስድብ በምን ያንሳል?

«የስም ለውጥ እንጀራ አይሆንም፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ?» የሚሉ አሉ። ከአባቶቻችንም መካከል እንደዚህ የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በአክብሮትም ልመልስላቸው እወዳለሁ። እንጀራ እንደማይሆን እርግጥ ነው። ነገር ግን ያች ዘመዴ ወደ ሰው ቤት የሄደችው ለእንጀራ ነበረ፤ የአገሯን ስም ደብቃ እንድትኖር ያደረጋት ግን ረኀብ አልነበረም።

ስምን የሚያበላሸው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ ሥራም ያበላሸዋል። «ደርግ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ከግዕዝ የተወሰደ ቃል ሲሆን ኮሚቴ፣ አብሮ የሚሠራ ጉባኤ ማለት ነው። በሰኔ ወር 1966 ዓ.ም. የጦር ኃይሎች አስተባባሪ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ሲባል ቃሉን የሚፈራው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙው ሰው ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት መፈለግ ነበረበት። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ 13 ዓመት ቆየ፤ ይህም ራሱ የስም ጉድ ነው። በመካከሉ ቀይ ሽብር መጣ፤ የስንቱ እናት ልጅ በየመንገዱ ወደቀ። ዛሬ በማንኛውም ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ አስተማሪ ተነሥቶ «የስፖርት ደርግ እናቋቁም» ቢል የሚሆነውን አስቡት! ቃሉ ንጹሕ ነበረ፤ ያጎደፈው የሰው እጅ ነው፤ አጥቦ መመለስም የሚቻል አይመስለኝም።

ከእኛ ብዙም የማትርቀው ውጫሌም ስሟ በዓለም ታሪክ ውስጥ የተጻፈው እንዲሁ ሳትጠየቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ በተፈረመው ውል ምክንያት፣ ይልቁንም በ17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ በመገኘቱ፣ ነገሩ እስከ ዓድዋ ደረሰ። ጣልያኖች ስሟን «ኡቻሊ» እያሉ ይጽፉታል። ውጫሌ ሲባል ውሉንና ተንኮሉን እንጂ ከተማዋን የሚያስብ ውጭ አገር ሰው ከየት ይመጣል?

አሁን ደግሞ ወደ አሕጽሮተ ቃል ልለፍ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ሳቅ ይበዛበታል። የውጭ አገር ሰዎች ስማቸውን ሲያሳጥሩ የእኛን ያህል አይቸገሩም። ፊደላቸው ተነባቢና አናባቢው የተለያየ ስለሆነ፣ ተነባቢ ፊደሎች ተከታትለው ያጋጠሟቸው እንደሆነ «ኤፍ፣ ቢ፣ አይ» እያሉ ፊደሉን በየስሙ ይጠሩታል፤ ቃል አይሆንም። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ አናባቢውን በጀርባው አዝሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ፊደል ባንድ ላይ ባቆምን ቁጥር ሳንወድ በግድ ቃል ይወለዳል፤ የተወለደውም ቃል ብዙ ጊዜ ሌላ አባት ያለው ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ የወረዳ ፍርድ ቤት ሲያጥር «ወ/ፍ/ቤት» ተብሎ ይጻፋል። ያለ ጭረቱ አንብቡት፤ ወፍ ቤት ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕድለኛ ሆኖ «ከፍ ቤት» ሆነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን «ጠፍ ቤት» ሆኖ ቀረ፤ ጠፍ ማለት ደግሞ ባለቤት አልባ ሆኖ የቀረ መሬት ነው። ከወፍ ቤት ይግባኝ ብሎ በከፍ ቤት በኩል ጠፍ ቤት የሚደርስ ባለጉዳይ ምን ፍርድ ያገኝ ይሆን?

«ም/ቤት» ምክር ቤትም ነው፤ ምግብ ቤትም ነው። «ማ/ቤት» ማተሚያ ቤትም ነው፤ ማረሚያ ቤትም ነው። ይህ መጽሔት ታትሞ ሲያልቅ «ከማ/ቤት ወጣ» ብለን ብንጽፍ ወላጆቻችን ደንግጠው ስንቅ ይዘው ይመጡ ነበር። ሰውም ከዚህ አላመለጠም፤ «ወ/ማርያም» የሚል ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የተጻፈ ሰው ወልደ ማርያም ይሁን ወለተ ማርያም፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ፊደሉ አይናገርም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ«ኢ» ነገር ነው። የአገራችን ስም በኢ ስለሚጀምር፣ በአገር ደረጃ የሚቋቋም ድርጅት ሁሉ ሲያጥር በኢ ይጀምራል። በግዕዝ ግን «ኢ» በቃል መጀመሪያ ላይ ስትገባ አፍራሽ ናት፤ ኢፍትሐዊ ሲባል ፍትሕ የሌለበት፣ ኢሰብአዊ ሲባል ሰብአዊነት የጎደለው ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን «ኢሰመኮ» ተብሎ ማጠሩ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ አንድ ጸሐፊ ቸኩሎ የአገሩን ስም ብቻ አሳጥሮ «ኢ/ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምን እንደሚነበብ አንባቢ ይፍረድ። በ2011 ዓ.ም. የተመሠረተው ፓርቲ ደግሞ ኢዜማ ተባለ፤ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትቼ፣ የቅኔ ተማሪ ግን ይህን ስም ሲሰማ «ዜማ የሌለው» ብሎ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በደርግ ዘመን የነበረው «ኢሠፓአኮ» ግን የሚያስቅ እንኳ አይደለም፤ ምላስ የሚያስር ነው። በአንድ በኩል ለሰው ጆሮ ቀላል የሆነ፣ በሌላ በኩል ሌላ ትርጉም የሌለው አሕጽሮት ማግኘት ከባድ መሆኑን አልክድም። አለመሞከር ግን ሌላ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ ሰው እንዲከሳ የሚያግዝ ተብሎ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ «ኤይድስ» የሚባል ከረሜላ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. የዚያ ክፉ በሽታ ስም ሲወጣ፣ የከረሜላው ባለቤቶች ያላጠፉት ጥፋት በራቸውን አንኳኳ፤ ሰውን የሚያከሳ በሽታና ሰውን የሚያከሳ ከረሜላ በአንድ ስም እየተጠሩ ገበያ ሊኖሩ አይችሉምና ከረሜላው ጠፋ። በአገራችን መንገድ የሚታወቀው ፓጄሮ መኪናም በስፓንኛ አጸያፊ ስድብ ሆኖ ስለተገኘ ስፓንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ሞንቴሮ» ተብሎ ነው የተሸጠው። ነጋዴ ስሙን ቢለውጥ የሚጎዳው የለም፤ ዕቃ ነውና። ሽታዬ የምትባል ኢትዮጵያዊት ግን እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ስሟ በላቲን ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎች የሚሆኑትን እያየች ምን ታድርግ? እናቷ «መዓዛዬ» ስትል ያወጣችላት ስም ነው። ብትለውጠው አልፈርድባትም፤ ባትለውጠው ግን የበለጠ አከብራታለሁ። ያም ሆነ ይህ ውሳኔው የእርሷ እንጂ የክፍል ጓደኞቿ አይደለም።

ወደ ራሳችን ስመለስ፣ በብዙ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍና የድራማ ክበብ አለ። ይህን ስም እንደ ልማዳችን «ሥ/ድ ክበብ» ብለን አሳጥረን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍን እንደሆነ፣ አባላቱ ምን ያህል ጨዋዎች ቢሆኑ «ስድ ክበብ» ከመባል የሚያድናቸው የለም። ስለዚህ ማንኛውም ክበብ ማኅተም ከማስቀረጹ በፊት አሕጽሮቱን ለአንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት እመክራለሁ። ልጁ ከሳቀ ስሙ ይቀየር። ኮሚቴ ተሰብስቦ ሦስት ቀን ከሚከራከር የዚያ ልጅ ሳቅ ይበልጣል።

ስለ ከተማችን ያለኝ ሐሳብ ደግሞ ይኸው ነው። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው፣ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ የያዘው፣ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባቡር መስመር ስሙ «አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ» ነው፤ ከመቀሌ የሚወርደውም መስመር መጨረሻው እኛው ዘንድ እንዲሆን ነው የታቀደው። ስማችን ከእንግዲህ በቲኬት፣ በካርታና በጭነት ወረቀት ላይ ወደ ጂቡቲ ይሄዳል ማለት ነው፤ ጂቡቲ ደግሞ ዐረብኛ የሥራ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የከተማችን ሽማግሌዎች፣ የመዘጋጃ ቤቱ ሹማምንትና አስተማሪዎቻችን ተመካክረው፣ ዐረብኛ የሚያውቁ ሼኾቻችንና ግዕዝ የሚያውቁ ቀሳውስቶቻችንም ተጠይቀው፣ አጻጻፉን ከወዲሁ በአንድ ወረቀት ላይ ቢያጸኑልን እላለሁ። የጣቢያው ሰሌዳ በሚሰቀልበት ቀን በአማርኛው በሐመሩ ሐ ይጻፍ፤ በዐረብኛውም ፊደሉ ላይ ነጥብ አይቀመጥበት።